ለሽማግሌ የማይደርስ ወይን

ከወይን ገበሬ ጋር የተዛመደ ሰው ወይን ጠግቦ ይጠጣል የሚል ካለ፣ መጥቶ እኔን ይጠይቀኝ። ልጄ ቶሪኖ ተምራ፣ እዚያው ሥራ ይዛ፣ በመጨረሻም የወይን ጠጅ ጠማቂ ቤተሰብ ልጅ ስታገባ የጉለሌ ጓደኞቼ «አንተማ ተገላገልክ፤ ከእንግዲህ በብርሌ ሳይሆን በበርሜል ነው» እያሉ ቀኑብኝ። ቅናታቸው ሜዳ ላይ ቀረ። የልጄ አማቶች የሚኖሩት ከቶሪኖ በስተደቡብ፣ ላንጌ በሚባለው ኮረብታማ አገር ነው፤ የሚሠሩትም ባሮሎ የተባለውን ስመ ጥር ቀይ ወይን ጠጅ ነው። በብርዱ ጠሩኝ፣ በቅጠሉ ጠሩኝ፣ በሙቀቱ ጠሩኝ፣ በመከሩ ጠሩኝ። በሄድኩ ቁጥር ዳገት ወጣሁ፣ ጭቃ ረገጥኩ፣ ማብራሪያ ሰማሁ። ወደ በርሜሉ ዓይኔን ስጥል ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ገና ነው።»

ይህ «ገና ነው» ደግሞ የቤተሰቡ ማመካኛ ቢሆን በሽማግሌ ይፈታ ነበር። የመንግሥት ሕግ ነው። ባሮሎ ተብሎ ለመሸጥ ወይኑ ከተለቀመበት ዓመት ኖቬምበር 1 ጀምሮ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 18 ወሩን በእንጨት በርሜል ይተኛል። ሪዜርቫ የሚሉት ደግሞ 62 ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መከር የተለቀመው ዘለላ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2029 በፊት ከቤት አይወጣም ማለት ነው። ሲወጣም አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው የመንግሥት ወረቀት ይለጠፍበታል። ይህ ሁሉ አልፎ ጠርሙሱ እጅ ሲገባ «አሁንስ?» ብትሏቸው፣ «ይቻላል፤ ግን አሥር ዓመት ቢታገሱት ይሻላል» ይሏችኋል። እኔ ሰባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ልብ ያለው ሰው ለእንዲህ ያለ ሰው «አሥር ዓመት ይታገሱ» ይላል? እናቴ ነፍሷን ይማረውና ለፋሲካ የሚጠጣውን ጠጅ የምትጥለው ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ነበር። ጌሾው ይገባል፣ ማሩ ይበጠበጣል፣ ፋሲካ ሲደርስ ጠጁም ይደርሳል። ማንም መንግሥት አንገቱ ላይ ወረቀት ለጥፎለት አያውቅም። የጠጣው ሁሉ ግን ይዘፍን ነበር።

የሚጠጣ ሲገኝም አይጠጡትም። በቤቱ ምድር ቤት ለእንግዳ የሚቀመስበት ክፍል አላቸው። ጀርመኑ፣ ስዊዙ፣ አሜሪካዊው በመኪና እየመጣ ይደረደራል። የአማቼ እኅት ትነሳና ስለ አፈር ትጀምራለች። የዚህኛው ኮረብታ አፈር ጠጣር ነው፣ ወይኑም ይጠነክራል፤ የዚያኛው ለስላሳ ነው፣ ወይኑም ቶሎ ይገራል፤ ይህ ሁሉ በጥንት ዘመን ባሕር ነበር። እኔ ዕድሜዬን በመሬት ልኬት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ አፈር አላጣሁም። ቢሆንም ሰማሁ። ከዚያ ተቀዳ። የተቀዳው የብርጭቆውን ቂጥ እንኳ በወጉ አይሸፍንም! ብርጭቆው ደግሞ ሌማት ሊያስቀምጥ የሚችል ነው። «ረሳሽው እንዴ?» ብዬ በአማርኛ ጠየቅኳት። ልጄ በክርኗ ጎሸመችኝ።

እንግዶቹ ብርጭቆውን ያሽከረክሩታል። አፍንጫቸውን ይከቱበታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ አፋቸው ውስጥ ያንገላቱትና፣ እግዚኦ፣ ባልዲ ውስጥ ይተፉታል! እኛ ዘንድ አሳላፊ እጁ ላይ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው፤ ተጋባዡ ከተፋውማ ቤቱ ተደፈረ ማለት ነው። እነዚህ ግን ተፍተው ያመሰግናሉ፤ ባለቤቷም ትደሰታለች። «ምን ምን ሸተታችሁ?» ስትል አንዱ «ጽጌረዳና ቅጥራን» አለ። ቅጥራን! ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ለካ ኔቢዮሎ የሚባለው ባሮሎ የሚሠራበት ወይን የሚመሰገነው በዚህ ሽታ ነው። የኔ ብርጭቆ ምንም አልሸተተኝም፤ እስኪሸተኝ አልጠበቅሁትማ። ገለበጥኩትና እንዲደገምልኝ ዘረጋሁት። ክፍሉ ጸጥ አለ። «እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት» ይባላል፤ እዚያ ቤት በመጀመሪያው ሰዓት ብረት ሆንኩ።

ብርዱን ልንገራችሁ። በጃንዋሪ ወይን የሚገረዝ አይመስላችሁም፤ የሚገረዘውማ ያኔ ነው። ቅጠሉ ረግፎ፣ ግንዱ አንቀላፍቶ፣ በረዶው መሬቱን ሸፍኖ ሳለ ሰው መቀስ ይዞ ዳገት ይወጣል። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ በላዩ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ከመንገድ ዳር መኪና ያቆሙ ሰዎች ፎቶ አነሱኝ፤ የቤቱ ጠባቂ ቅዱስ መስዬአቸው ይሆናል። ሥራው ጉዮ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት ያስፋፋው አገራረዝ ነው። አምና የበቀለው ቅርንጫፍ ሁሉ ይቆረጥና አንድ ብቻ ይቀራል፤ እሱም ስምንት ወይም አሥር ዓይን ይኖረዋል። ከጎኑ ሁለት ዓይን ያላት ጉማጅ ለከርሞ ትቀመጣለች። ሌላው ሁሉ ወደ መሬት። እንዲህ ያለ ግንድ በአንድ ሄክታር አራት ሺህ ያህል ይሆናል።

አሁን የልጄ አማት፣ ሰማንያ ያለፉት አዛውንት፣ ከልጃቸው ጋር በአንዱ ግንድ ፊት ይቆማሉ። የትኛው ቅርንጫፍ ይቅር? ልጁ በባትሪ የሚሠራ መቀስ ይዟል፤ አባት አሮጌውን የእጅ መቀስ። ልጁ ወደ ቀኝ ያሳያል፣ አባት ወደ ግራ። ይከራከራሉ። ጣቴ በድን ሆኗል፤ እነሱ ገና አራት ሺህ ግንድ ይቀራቸዋል። በመጨረሻ አባት ያሉት ሆነ። ከዚያ ቀበቷቸው ላይ ከሻጡት ነዶ አንዲት ቢጫ የአኻያ ጭራሮ መዘዙ፤ ቅርንጫፉን ወደ ሽቦው ጎንበስ አድርገው፣ ጭራሮዋን ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው፣ ጫፏን በአውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ ወሸቁ። ቋጠሮ የለ፣ ምን የለ። ጎትቼ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አይልም። ልጃቸው የሚያስረው ሽቦ በሚተፋ መሣሪያ ነው፤ ይፈጥናል። አዛውንቱ መሣሪያውን አይተው ምራቃቸውን ዋጡ። እኔም ስለ ዘንድሮ ልጆች ያለኝን አስተያየት በዓይኔ ገለጽኩላቸው። ቋንቋ አላስፈለገንም።

የቦታው ምርጫ ራሱ የበረዶ ጉዳይ ነው። በረዶው ቀድሞ የሚቀልጥበት፣ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያገኘው ጎን ለኔቢዮሎ ይሰጣል፤ ዘግይቶ የሚቀልጥበት ለሌላ ወይን ወይም ለሐዘልነት ዛፍ። ባሮሎ ተብሎ የሚጠራው የ11 መንደሮች መሬት ብቻ ነው፤ ከዚያ ክልል በአንድ ክንድ ከወጣችሁ ስሙ አይገባችሁም። ስለዚህ አንድ ሄክታሩ ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያወጣል። ይህን ሲነግሩኝ እግሬን አነሳሁ። ለእኔ የተመረጠልኝ መቆሚያ ግን ከሐዘልነቱ በኩል፣ በረዶው እስከ ማርች የማይቀልጥበት ነበር።

ሌላም አስገራሚ ነገር ሰማሁ። ይህ ሁሉ «የአባቶቻችን ወይን» እያሉ የሚኮሩበት ግንድ ሥሩ አሜሪካዊ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትበላ ነፍሳት ከአሜሪካ ተሻግራ የአውሮፓን ወይን ጨረሰችው። መድኃኒቱም ከዚያው መጣ፤ ነፍሳቷን የሚችለውን የአሜሪካ ሥር ተክለው የራሳቸውን ቅርንጫፍ በላዩ ቀጠሉበት። ሥሩ አሜሪካ፣ ቅጠሉ ጣልያን፤ የኛ የዋሽንግተን ልጆች ግልባጭ። ይህን ለአዛውንቱ በልጄ በኩል ባስተላልፍ ተርጓሚዋ አሳጠረችው፤ ምን እንዳለች እግዜር ይወቅ።

በጸደይ ብዙ የሚነገር የለም። ኤፕሪል ላይ ዓይኑ ይፈነዳል፤ ኔቢዮሎ ቀድሞ አቆጥቁጦ መጨረሻ የሚደርስ ወይን ስለሆነ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል ብለው አይተኙም። በየረድፉ ጫፍ ጽጌረዳ ተክለዋል፤ ለውበት መስሏችሁ ከሆነ፣ አይደለም፤ የሻጋታ በሽታ ጽጌረዳዋን ቀድሞ ስለሚይዛት ወሬ ነጋሪ ናት ይላሉ። ወይኑ መዳብና ድኝ ይረጭበትና ቅጠሉ ሰማያዊ ይሆናል። «አትንኩ፣ አትደገፉ፣ እዚህ አትቁሙ።» ይህ ነው ጸደይ።

በዚያው ወር ግን የአክስታቸውን ልጅ ልንጠይቅ ወደ ሞንፌራቶ ስንነዳ አንድ የመንደር ሰሌዳ ፊቴ ድቅን አለ፤ ግራዛኖ ባዶሊዮ። አቁም አልኩ! ማርሻል ባዶሊዮ የተወለደው እዚህ ነው፤ በ1956 የሞተውም እዚሁ። መንደሩ ስሙን የወሰደው በፋሺስት ዘመን ነው፤ እስከ ዛሬም አልመለሰውም። ይህ ሰው በመርዝ ጋዝ መንገዱን ጠርጎ ሜይ 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ ገባና የጣልያኑ ንጉሥ «የአዲስ አበባ መስፍን» ብለው ሾሙት። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ መስፍናችን የቀበሌ መታወቂያ እንኳ ሲያወጣ ያየ ሰው አላውቅም። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ሚያዝያ 27፣ ጃንሆይ ከተማቸው ገቡ። ይህን ሁሉ በመንገድ ዳር ቆሜ ለአማቼ አስተማርኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ዐንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «በትምህርት ቤት ይህን አልነገሩንም» አለ። ዩኔስኮ በ2014 የላንጌንና የሞንፌራቶን የወይን ኮረብታዎች የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል። ሰሌዳውንም አብሮ መመዝገቡ ይሆን?

ሙቀቱ ሲመጣ ያየሁት ግን አንጀቴን በላው። ጁላይ ማብቂያ ላይ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ መዞር ሲጀምር ልጅየውና እኅቱ መቀስ ይዘው ገቡ። ደረሰ ብዬ ተከተልኳቸው። ሙሉ ዘለላ፣ የተያያዘ፣ ያማረ ዘለላ ቆርጠው መሬት ይጥሉታል! አንዱን ቆርጠው ሁለተኛውን ይተዋሉ። ጮህኩ። ኖኅ ከመርከብ ወርዶ ወይን ከተከለ ጀምሮ ጤነኛ ፍሬ መሬት ላይ የጣለ ሰው ተሰምቶ አያውቅም አልኩ። የቀረው እንዲጣፍጥ ነው አሉኝ፤ ሕጉም ከአንድ ሄክታር ከ80 ኩንታል በላይ ለባሮሎ እንዳይሰበሰብ ይከለክላል። በዝቶ ተገኘ ተብሎ የሚቀጣ ገበሬ! እኛ አገር ቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ የሚሆነውን ከዘቢብ ነው የምታዘጋጀው፤ ዲያቆን ለሆነ ሰው እንዲያ መሬት ለመሬት ሲረገጥ ማየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጎንበስ ብዬ በጋቢዬ ጫፍ ለቀምኩት። ቀመስኩት። እንደ ኮምጣጤ ነው፤ ጥርሴን አደነዘዘው። ሆኖም ቁጣዬን አላነሳሁም፤ ሽማግሌ የጀመረውን ቁጣ መጨረስ አለበት።

ኦገስት 15 ደግሞ ፌራጎስቶ ነው። አገሩ ሁሉ ተዘጋ፤ ሐኪም የለ፣ ዳቦ ቤት የለ። የእመቤታችን የዕርገት በዓላቸው ነው፤ እንጨት ነዶ፣ ሥጋ ተጠብሶ፣ ገበታው እስከ ማታ አይነሳም። እኔ ፍልሰታ ይዣለሁ። እነሱ ፈስከው ሲያከብሩ እኔ ስለዚያችው እናት ገና እስከ ኦገስት 22 እጾማለሁ። እነሆ በዓመት አንድ ቀን፣ አዛውንቱ ራሳቸው ወርደው የቆየ ባሮሎ አምጥተው፣ አቧራውን በክንዳቸው ጠርገው፣ ቡሹን ነቀሉ። ዕድሌን አያችሁት? ጎረቤቱ ሁሉ ጠጣ። ልጄ «አባባ፣ ወይን እኮ ጾም አይገድፍም» ትላለች፤ ፍልሰታን የምይዘው በእናቴ ሥርዓት ነው፣ መጠጥ አይቀመስበትም ብዬ ጸናሁ። ጽድቅ የሚያስከፍለውን ያህል የሚያስከፍል ነገር የለም።

ማታውን ሰማዩ ጠቆረ፤ በላተኛው ሁሉ ከገበታ ተነስቶ ደጅ ቆመ። በረዶ ይፈሩታል። የዓመት ልፋት በሩብ ሰዓት ያረግፋል። ድሮ ደመናውን ለመበተን የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደውሉ ነበር፣ ከመቶ ዓመት በፊትም ወደ ሰማይ መድፍ ይተኩሱ ነበር ብለው አጫወቱኝ። አሁን መረብ ያለብሱታል። የኛዎቹ የበረዶ መላሾች ቢመጡ ርካሽ ይሆንላችኋል አልኩ። ደመናው አለፈ፤ ምስጋናው ግን ለመረቡ ተሰጠ።

መከሩ ኦክቶበር ነው፤ ዶልቼቶው ቀድሞ በሴፕቴምበር ይለቀማል፣ ባርቤራው ይከተላል፣ ኔቢዮሎው ጉም ሲወርድ መጨረሻ። ዳገቱ ማሽን አያስገባም፤ ሁሉም በእጅ ነው። ጠዋት ስደርስ ጉሙ ሰው አያሳይም። አንድ ኃላፊ ነኝ ባይ መቀስና ሳጥን አስይዞኝ ወደ ረድፉ ገፋኝ፤ ጥቁር ሽማግሌ ካየ ሠራተኛ ነው ያለው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። መቼም ቆሞ ከመብረድ ብዬ ለቀምኩ። በአጠገቤ ከሰሜን መቄዶንያ የመጣ ባልና ሚስት፣ ከወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ወጣቶች ናቸው። በቱሪስት ፎቶ ላይ የማይታዩት፣ የወይኑን አገር በእጃቸው የያዙት እነዚህ ናቸው። አንዱ ልጅ ዘለላውን በግራ መዳፉ ደግፎ፣ ጭራውን በአንድ ቅጭታ ቆርጦ፣ የተበላሸችውን ፍሬ በመቀሱ ጫፍ ፈልቅቆ፣ ሳጥን ውስጥ ሳይወረውር ያስቀምጣል። ይህን ሁሉ አድርጎ ሲጨርስ እኔ ግማሽ ቃል ተናግሬ አልጨርስም። ሳጥኑ 20 ኪሎ ያህል ሲሞላ «አባት፣ ተው እኔ ልያዝ» ያለ መሰለኝ፤ በየትኛውም ቋንቋ እንዲያ ነው የሚባለው።

ወዲያው የአማቼ እኅት በጭቃ እየተንሸራተተች መጣች። «ውል የላቸውም! ተቆጣጣሪ ቢመጣ ያለቅን ነን!» ያለ ውል የሚለቅም ሰው ከተገኘ ቅጣቱ ከባድ ነው። በዕለቱ ጠዋት በግድ የተቀጠርኩት ሰው ከቀትር በፊት በግድ ተባረርኩ። ደሞዝም አላገኘሁ፣ ወይንም አላገኘሁ።

በዚያው ሰሞን በአልባ ከተማ የነጭ ትሩፎ ገበያ ነው። ትሩፎ ማለት ውሻ ከዛፍ ሥር ጭሮ የሚያወጣው እንጉዳይ ነው፤ ኪሎው በሺህ በሚቆጠር ዩሮ ይሸጣል። ቆፋሪው በሌሊት ነው የሚወጣው፤ ቦታውን ለሚስቱም አይናገር። ሳህኔ ላይ እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳች ቁራጭ ላጡልኝ። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ምድር ቤት ወርደን የተጨመቀውን አየን። ፍሬው ይፈላል፣ ቆዳው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ መልሰው ያጠምቁታል፤ ከአየሩ ክፋት የተነሳ ሻማ ቢጠፋ ውጡ ይባላል። የተረፈውን አተላ ወስደው ግራፓ ያወጡበታል። ግራፓ አረቄ ነው፤ ስም ቢለውጥም ዘመዴን አውቃለሁ። አንድ መለኪያ ሰጡኝ፤ መለኪያዋ ግን ሙሉ ነበረች። ለዚህ ለዚህስ አመሰግናለሁ።

ከወዲያ ትልልቆቹ የስላቮንያ ባሉጥ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ሰው ቆሞ ይገባበታል። እዚህ ጋር አማቼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የላንጌን ጦርነት ነገረኝ። በ1980ዎቹ ወጣቶቹ ፈረንሳይ ደርሰው መጡና የአባቶቻችን ትልቅ በርሜል ይውጣ፣ 225 ሊትር የሚይዘው አዲሱ የፈረንሳይ ባሪክ ይግባ አሉ። ኤሊዮ አልታሬ የተባለው ከሁሉም ባሰ፤ በ1983 የሞተር መጋዝ አንስቶ የአባቱን በርሜሎች ቆራረጣቸው! አባትየው ከውርስ ነቀሉት። በሌላ በኩል ባርቶሎ ማስካሬሎ የተባሉት ሽማግሌ ለአሮጌው በርሜል ዘብ ቆሙ፤ የጠርሙስ ምልክታቸውን በእጃቸው እየሳሉ በአንዱ ላይ ባሪክንም ፖለቲከኛውን በርሉስኮኒንም በአንድ ላይ አንፈልግም ብለው ጻፉበት። የኤሊዮ ወይን በዓለም ተወደደ፣ ተሸጠ፤ ዛሬ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ትልቁ በርሜል ተመልሰዋል። አማቼ «ሁለቱም ትክክል ነበሩ» አለኝ። የለም! የአባቱን በርሜል በመጋዝ የቆረጠ ልጅ ወይኑ ቢወደድለት ምን ይደረጋል? እኔ በዚህ ጉዳይ የአልታሬ አባት ጠበቃ ነኝ፤ የይግባኙ ጊዜ ካለፈም ይለፍ።

ጥግ ላይ በጠመኔ የልጅ ልጄ ስም የተጻፈበት ክምር ጠርሙስ አለ። በተወለደበት ዓመት የተለቀመ ነው። ሲያገባ ይከፈታል። ልጁ ገና ጥርሱን እየነቀለ ነው። «ሠርጉ ላይ ይጠጣሉ አባባ» ትላለች ልጄ። ስሌቱን እሷ ትሥራው።

ከማብራሪያው ሸሽቼ ኩሽና የገባሁት ያኔ ነው። አዛውንቱ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከፊታቸው የፋሶና በሬ ጥሬ ሥጋ በቢላ ደቅቆ፣ ሎሚና ዘይት ጠብ ብሎበት ቀርቧል። ጥሬ ሥጋ! በዚህ አገር ሰው አለ ለካ። ልጄን ጠርቼ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አስወጣሁ፤ ትንሽ ነሰነስኩላቸው። ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዝም አሉ። ከዚያ ሳህናቸውን ወደ ሚጥሚጣው ገፉት።

ወሬያችን የመጣው ያኔ ነው። ይህ ኮረብታ ዛሬ በሚሊዮን ይሸጣል እንጂ በእሳቸው ልጅነት የረሃብ አገር ነበር፤ ድሃ ልጁን ለሌላ ገበሬ በዓመት ያሳድረው ነበር። ቤፔ ፌኖሊዮ የተባለው የአልባ ደራሲ በ1954 ያሳተመው «ላ ማሎራ» የሚተርከው ይህንኑ ነው። አባታቸው ወይኑን በጋሪ ጭነው አልባ አደባባይ ይወስዱት ነበር። ደላላው ጠዋት ዋጋ አይጠራም። ቀትር ያልፋል፣ ፍሬው በፀሐይ ይላሽቃል፤ ሲመሽ ደላላው መጥቶ የፈለገውን ይሰጣል። ይዞ መመለስ አይቻልማ! ይህን ሲሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ፤ ደላላው በሩ ላይ የቆመ ያህል። የመርካቶውን ደላላ ነገርኳቸው፤ ለየት የሚያደርገው ባርኔጣው ብቻ ነው። ከዚያ ወጣቱ ሁሉ ወደ ቶሪኖው ፊያት ፈለሰ። የቀረው ፌሬሮ የተባለው ቸኮላት ሠሪ ወደ አልባ ፋብሪካው አውቶብስ እየላከ ገበሬውን ስለወሰደለት ነው፤ ቀን ቸኮላት ሠርቶ ማታ ወይኑን ይኮተኩታል። በ1986 ደግሞ በዚሁ በፒየሞንቴ አጭበርባሪዎች ሜታኖል የቀላቀሉበት ወይን ከ20 ሰው በላይ ገደለ፤ የጣልያን ወይን ሁሉ ስሙ ጠፋ። «ያኔ ነጋዴ ደጃችንን አልረገጠም» አሉ።

ይህን እያወጉ ከጠረጴዛው ሥር ምልክት የሌለው ጠርሙስ አነሱ። ቀዱልኝ። እስከ አፉ! ጠጣሁ፤ ሳልጠይቅ ደገሙኝ። ቅጥራን የለው፣ ማብራሪያ የለው፤ ወይን ወይን የሚል ወይን። ምንድን ነው አልኩ። ዶልቼቶ ነው። ባሮሎውን እርስዎ አይጠጡም ወይ አልኳቸው። ባሮሎ የሚሸጥ ነው፤ ድሮ ለሐኪምና ለቄስ ይሰጥ ነበር፤ ገበሬ ከምሳው ጋር የሚጠጣው ዶልቼቶ ነው አሉኝ። አራቱን ወቅት ሙሉ በዳገት ሲያንከራትተኝ የከረመ ቤተሰብ ይህን የነገረኝ ጥሬ ሥጋ ላይ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ ወይም እግርህ ላንጌ ከጣለህ ምክሬን ስማ። ምድር ቤት ስለ አፈር መነገር ሲጀምር ቀስ ብለህ ወደ ኩሽና ውጣ። ሽማግሌውን ፈልግ፤ ሚጥሚጣ አትርሳ። ባሮሎ አምጡ አትበል፤ ዶልቼቶ በል። በሴፕቴምበር የተለቀመው በሚቀጥለው ዓመት ይጠጣል፤ ያን ያህልማ ሰባን ያለፈ ሰውም ይታገሣል።